የእንቅልፍ አፕኒያ ምንድን ነው? ዱካክ ግን አይደለም!

ሰሞኑን ስለ ወጣቶች ልብ ስናወራ አንዱ "አፕኒያ የምትሉት እኮ የኛው ዱካክ ነው" አለኝ። ስንተኛው ሰው እንደሆነ እንጃ። ወንድሜ፣ ዱካክ ሲጫንህ ነቅተሃል፤ ሰውነትህ እምቢ ይልሃል እንጂ ትተነፍሳለህ፣ ጠዋትም ለጎረቤት ሁሉ ታወራዋለህ። አፕኒያ ያለበት ሰው ምንም አያውቅም። የምታውቀው አጠገቡ የምትተኛው ሚስቱ ናት፤ ሲያንኮራፋ ሲያንኮራፋ ድንገት ትንፋሹ ቆሞ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው አየር ስቦ ይቀጥላል። ጉሮሮው ተዘግቶ ነው። ጸጥታው 10 ሰከንድ ከሞላ አንድ ብለን እንቆጥራለን። በሰዓት 30 ከደረሰ ከባድ ነው።

"ወጣት ነው፣ ልቡ ምን ይሆናል?" ይሉኛል ደግሞ። እስቲ የጎንደሩን የጎሃ ኮረብታ ሽቅብ የምትወጣ ባጃጅ አስብ። አንድ ተንኮለኛ የቤንዚን ቱቦዋን ይጨምቃል። ልትጠፋ ስትል ይለቅላታል፣ ሹፌሩም ደንግጦ የነዳጅ እጀታውን ይጠመዝዘዋል። በሰዓት 30 ከሆነ፣ በ7 ሰዓት እንቅልፍ 210 ጊዜ ማለት ነው። ሞተሩ አዲስ ቢሆንስ ስንት ዓመት ይችላል? ልብም እንዲሁ ነው፤ ኦክስጅን በወረደ ቁጥር አንጎል ይደነግጣል፣ የጭንቀት ሆርሞን ይረጫል፣ ደም ስር ይጠባል፣ ሌሊት ዝቅ ማለት የነበረበት ግፊት እንደተሰቀለ ያድራል፣ ውሎ አድሮም ቀን አልወርድ ይላል። ባጃጅስ ማታ ትቆማለች፤ ልብ የት ይቁም? በ30 ዓመቱ ሦስት ዓይነት የግፊት መድኃኒት እየዋጠ ግፊቱ እምቢ ያለ ሰው ካየሁ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሌሊቱ ነው።

ያንኮራፋ ሁሉ አፕኒያ አለበት ማለቴ አይደለም፤ የወፍራም ሰው ብቻም አይደለም፣ ቀጭን ሰውም ቶንሲሉ ካበጠ ወይም መንጋጋው ትንሽ ከሆነ ሊይዘው ይችላል። ውፍረት ራሱ ግፊት ስለሚያመጣ የትኛው ምን ያህል እንደጎዳ መለየት ያስቸግራል። እኛ አገር ወጣት ልቡን ሲታመም የሩማቲክ ልብ ሕመምም (ከጉሮሮ ቁስለት በኋላ የልብ በሮችን የሚጎዳው) መታየት አለበት። ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ኦክስጅኑ ከመነሻውም ዝቅ ያለ ነው። ለአፕኒያ ብሎ እንጥል ማስቆረጥ? ተው!

ሕክምናው ማታ ፊት ላይ የሚደረግ አየር የሚነፋ ጭምብል ነው፤ ጉሮሮውን ከፍቶ ያሳድራል፣ ግፊትንም በመጠኑ ያወርዳል። ግን በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት ቀድሞ የልብ ወይም የአንጎል ደም ስር ሕመም በነበረባቸው ሰዎች ላይ የልብ ድካምና ስትሮክን ሲቀንስ አላገኘውም። ብዙዎቹ ጭምብሉን በአንድ ሌሊት ከአራት ሰዓት በታች ነበር ያደረጉት።

ስትመጣ ሚስትህን ይዘህ ና። ካልተመቻት ማታ በስልኳ ትቅዳህ።