ሂትቦክስ ምንድን ነው? ቪዲዮ አቁሞ የማይፈረድበት ነገር

የአንድ አክሽን አርፒጂ (እየተዋጉ ገጸ ባሕርይን የሚያሳድጉበት ጌም) ተከታይ ክፍል ሊወጣ ነው ተብሎ የጥቂት ደቂቃ የጨዋታ ቪዲዮ በተለቀቀ ቁጥር አንድ ፍርድ አይቀርም፦ «ሂትቦክሱ ተበላሽቷል»። ጌሙ ገና ማንም እጅ አልገባም፣ ፍርዱ ግን ተሰጥቶ አድሯል። ሰሞኑንም አንድ ተንታኝ ቪዲዮውን አንዲት ቅጽበት ላይ አቁሞ፣ የጭራቁ መጥረቢያ ከተጫዋቹ ትከሻ አንድ ክንድ ርቆ ሳለ የሕይወት መስመሩ መቀነሱን በቀይ አክብቦ «ይኸው ማስረጃ» ብሏል። ማስረጃነቱን አልክድም። የምን ማስረጃ እንደሆነ ግን እንነጋገር።

ሂትቦክስ ስክሪን ላይ የማይታይ፣ የአንድን ጥቃት መቺ ክፍል የሚወክል ቀላል ቅርጽ ነው። ተመቺው አካል ላይ ደግሞ ሌላ ቅርጽ አለ፤ ሀርትቦክስ ይባላል። ሁለቱ ሲነካኩ ጌሙ «ተመታ» ብሎ ይመዘግባል። የምታዩት ጎራዴ፣ ካባ፣ ጸጉር፣ ቀንድ ያለው ራስ ቁር፣ አንዱም በስሌቱ ውስጥ የለም።

ቅርጹ ብዙውን ጊዜ ካፕሱል ነው፤ ሁለት ጫፉ የዞረ ቱቦ። ለክንድ አንድ፣ ለጭን አንድ፣ ለደረት አንድ እየተባለ በአኒሜሽኑ አጥንቶች (ሥዕሉን በሚያንቀሳቅሱት የማይታዩ ዘንጎች) ላይ ይንጠለጠላል። የተመረጠውም ለኮምፒዩተሩ ስለሚቀለው ነው፤ በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን አጭሩን ርቀት ለክቶ ከሁለቱ ቱቦዎች ራዲየስ ድምር ጋር ማወዳደር ብቻ ይበቃዋል። ሠሪዎቹም ሆን ብለው ያዳላሉ፤ የተጫዋቹን መሣሪያ ቱቦ ከሥዕሉ ትንሽ ያወፍሩታል፣ የራሱን የተጫዋቹን አካል ግን ትንሽ ያቀጥኑታል። በዚህ አድልዎ ሲማረር የሰማሁት ሰው የለም።

አሁን ወደ ተቆመው ሥዕል። ነገሩን በኳስ ሜዳ ልመስለው። ኳሷ የጎሉን የጎን መረብ ከውጭ መትታ ስታነቃንቀው፣ ከወዲያኛው ጥግ የተቀመጠው ደጋፊ ጎል መስሎት ብድግ ይላል። መረቡ መነቃነቁ እውነት ነው። ጎል የሚሆነው ግን ኳሷ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ስታልፍ ነው፤ መስመሩን ደግሞ ከዚያ መቀመጫ ማየት አይቻልም። ከተጫዋቹ ጀርባ የተተከለው የጌም ካሜራ ያ ደጋፊ ነው። ግራና ቀኙን፣ ላይና ታቹን በደንብ ያያል፤ ከፊት ወደ ኋላ ያለውን ርቀት ግን ይገምታል። ወደ ካሜራው የመጣ መጥረቢያ «ትከሻውን ስቶታል» ቢባል፣ ወይም በተቃራኒው «ነክቶታል» ቢባል፣ ሁለቱም ከዚያ ጥግ የተነገረ ግምት ነው። ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው፦ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ የገባች ኳስ መረቡን ብትበጥሰው እንኳ ጎል አይደለችም። ሂትቦክስም ፊሽካ አለው፤ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

እያንዳንዱ ምት መሰንዘሪያ፣ መምቻና መመለሻ አለው። ሂትቦክሱ የሚበራው በመምቻው ፍሬሞች ላይ ብቻ ነው፤ ፍሬም ማለት ስክሪኑ ላይ በተርታ ከሚታዩት ሥዕሎች አንዱ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚሮጥ ጌም አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ በ30 ሲሆን 33.3። መጥረቢያው መሬት ላይ ተተክሎ ሳለ ሄዳችሁ ብትገጩት የማይጎዳችሁ መመለሻው ላይ ስለሆነ ነው። አንዳንድ ጊዜ መሣሪያው የቆመ መስሎ ሳለ ሂትቦክሱ ሁለት ሦስት ፍሬም ሳይጠፋ ይቆያል። ይህ ተገቢ ቅሬታ ነው፤ ጥፋቱ ግን የጊዜ እንጂ የቅርጽ አይደለም፣ ማስተካከያውም ሌላ ነው።

ተንታኙ የሳተው ዋናው ነገር ግን በሁለት ፍሬሞች መካከል ያለው ነው። ሁለት ሜትር የሚረዝም ጎራዴ በ0.15 ሰከንድ ግማሽ ክብ ይዞራል እንበል። ጫፉ 6.28 ሜትር ይጓዛል። 0.15 ሰከንድ በ60 ፍሬም ሲቆጠር 9 ፍሬም ነው፤ ስለዚህ ጫፉ ከአንዱ ሥዕል ወደሚቀጥለው 70 ሴንቲሜትር ይዘላል። በ30 ፍሬም 1.4 ሜትር። የሰው ትከሻ ከዳር እስከ ዳር ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። ጌሙ ጎራዴው በየፍሬሙ የቆመበትን ቦታ ብቻ ቢመረምር፣ ስለቱ በሰው መሃል አልፎ «አልነካም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጌሞች ያለፈውን ፍሬም ቦታና የአሁኑን አያይዘው በመካከል ያለውን ክፍተት በሙሉ እንደ መቺ ይቆጥሩታል። ውጤቱም፣ በአንዱ ሥዕል ጎራዴው ከትከሻው በዚህ በኩል ነው፣ በሚቀጥለው በዚያ በኩል፤ ሲነካው የሚያሳይ ሥዕል ጭራሽ የለም። ምቱ ግን ትክክል ነው። 60 ፍሬም የሚሮጥ ጌም በ30 ፍሬም ቪዲዮ ሲጫን ደግሞ ከሥዕሎቹ ግማሹ ይጣላል። እንዲህ ያለውን ቪዲዮ አቁሞ በጣት ማሳየት ከቀረው ግማሽ ላይ መፍረድ ነው።

(ለጥንቃቄ ያህል፦ ሁለቱ ቦታዎች በቀጥታ መስመር ከተያያዙ፣ ቀጥታው ከክቡ ቅስት ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል። በላይኛው ምሳሌ ጉድለቱ በ60 ፍሬም 3 ሴንቲሜትር፣ በ30 ደግሞ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ያም ማለት ያው ጎራዴ በዝግተኛ ማሽን ጫፉ አካባቢ በጥቂቱ ያጥራል። ስሌቱን ከሥዕሉ ለይተው በቋሚ ፍጥነት የሚያስኬዱ ጌሞች ይህ ችግር አይነካቸውም። ፍሬምን እንደ ሰዓት መቁጠር የሚያመጣውን ጣጣ ዳርክ ሶልስ 2 የተባለው አክሽን አርፒጂ በፒሲ ላይ አሳይቶናል፤ በ60 ፍሬም ሲሮጥ የመሣሪያው ጥንካሬ ከ30ው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ያልቅ ነበር፣ ኋላ ተስተካከለ።)

ዳርክ ሶልስ 2ን ካነሳን አይቀር፣ በ2014 ሲወጣ «ሂትቦክሱ የከፋ ተከታይ» የሚል ስም ወጣለት፤ ስሙም እስካሁን አልለቀቀውም። ከቅሬታው ከፊሉ እውነት ነው። ትልቁ ክፍል ግን ከሌላ ነገር የመጣ ነው። በአክሽን አርፒጂ ተጫዋቹ ሲንከባለል ለጥቂት ፍሬም አይነካም፤ አይ-ፍሬም የሚባለው ይህ ነው። በመጀመሪያው ዳርክ ሶልስ ይህን በዋናነት የሚወስነው የተሸከማችሁት ክብደት ነበር። ሁለተኛው ላይ አዳፕታቢሊቲ የሚባል፣ ተጫዋቹ ራሱ የሚያሳድገው አዲስ ነጥብ መጣና አጂሊቲን (ቅልጥፍናን) ከፍ ያደርጋል፤ አይ-ፍሬሙን የሚወስነውም አጂሊቲ ሆነ። የቀድሞው ጌም ተጫዋች ነጥቡን ሁሉ ጉልበትና ሕይወት ላይ አፍስሶ፣ በለመደው ሰዓት ተንከባለለ፣ ተመታ። ዓይኑ ያየው ከመጥረቢያው ሥር ተንከባልሎ ያለፈ ሰው ነው። አይ-ፍሬሙ ግን መንከባለሉ ሳያበቃ አልቋል። ጥፋተኛው አንድ ቁጥር ሆኖ ሳለ ስሙ የጠፋው ሂትቦክስ ነው።

መንከባለል ማለት አይ-ፍሬም ማለት አይደለም። አኒሜሽኑ 40 ፍሬም ቢሆን የማትነኩባቸው የመጀመሪያዎቹ 20 ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በቀሩት 20 ገና መሬት ላይ እየተገለበጣችሁ፣ ሀርትቦክሳችሁ ግን ተመልሷል። የሚንደረደር አውሬ ገላ በላያችሁ ለማለፍ 25 ፍሬም ከፈጀበት በሰዓቱ መንከባለል ብቻውን አያድናችሁም፤ አብራችሁት ወደሚሄድበት ከተንከባለላችሁ ጭራሽ ጊዜው ይረዝማል። ወደሚመጣበት አቅጣጫ ስትንከባለሉ ግን ፍጥነታችሁ ከፍጥነቱ ጋር ይደመርና መደራረቡ ከ20 በታች ይወርዳል። «ወደ ቦሱ (ወደ ትልቁ ጠላት) ተንከባለል» የሚባለው ምክር ስሌቱ ይኸው ነው።

ተጫዋቹን በእጅ አፍሶ የሚይዝ ጥቃት ሌላው የሐሜት ምንጭ ነው። የጭራቁ እጅ የእግር ጣታችሁን ጫፍ ቢነካ፣ ጌሙ የሁለት ሰው አኒሜሽን መጀመር ስላለበት አካላችሁን አንሥቶ መዳፉ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ለተመልካች ሁለት ሜትር በአየር ተጎትቶ የተያዘ ሰው ይመስላል። አስቀያሚ ነው፤ የሚታረመው ግን መሸጋገሪያውን በማለስለስ ነው፣ የእጁን ቱቦ በማቅጠን አይደለም።

ሂትቦክስ በእውነት የሚበላሽበት ጊዜ የለም አልልም። ሞንስተር ሀንተር በተባለው ጌም የቀደሙት ክፍሎች ፕሌሲዮት የሚባለው አውሬ በዳሌው ሲገፋ ከገላው ርቀው የቆሙትን ሁሉ ይጥል ነበር። እሱን ማንም አይከራከርለትም፤ ቆማችሁ፣ ሳትንከባለሉ፣ ከየትኛውም ጥግ ስታዩት ያው ነው።

በኔትወርክ ከሰው ጋር ስትጫወቱ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጨዋታውን በሬዲዮ የሚከታተል ሰው ጎሉን የሚሰማው ከገባ በኋላ ነው፤ የ100 ሚሊሰከንድ መዘግየት በ60 ፍሬም 6 ፍሬም ነው። እዚህ ላይ ግን የኳሱ ምሳሌ ያነክሳል፤ በኔትወርክ ሁለት ሜዳ አለ፣ ዳኛው በብዙ ጌሞች የሚቆመው በመቺው ሜዳ ነው። እናንተ ዞር ካላችሁ ቆይታችኋል፤ በእሱ ስክሪን ግን ገና እዚያው ቆማችኋል። የራሳችሁ እጅም አለበት። በኤልደን ሪንግና በዳርክ ሶልስ 3 ጌሞች የመንከባለያው ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ መሮጫ ስለሆነ፣ መንከባለል የሚጀምረው ቁልፉ ሲለቀቅ ነው። ደንግጦ ለ100 ሚሊሰከንድ አጥብቆ የተጫነ ሰው 6 ፍሬም አቃጥሏል። ቴሌቪዥኑ ጌም ሞድ (መዘግየትን የሚቀንሰው ቅንብር) ላይ ካልሆነ የሚጨምረውን ራሳችሁ ደምሩ።

ከቅድመ-እይታ ቪዲዮ ምን ይፈረዳል ታዲያ? የመሰንዘሪያው ርዝመት፣ መመለሻው የሚወስደው ጊዜ፣ ምትን አቋርጦ ወደ መንከባለል መግባት መቻሉ፣ ጭራቁ በስንዘራው መሃል ወደ ተጫዋቹ መዞሩ፣ የካሜራው ርቀት። እነዚህ አኒሜሽኑና የጠላቱ ባሕርይ ውስጥ የተጋገሩ ናቸው፤ አንዱን መንካት ሌላውን ያናጋል፣ ሳምንታት ይፈጃል። በእነዚህ ላይ ቀድሞ መጮኽ ዋጋ አለው። የካፕሱል ራዲየስ ግን ሰንጠረዥ ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ጌሙ ከወጣም በኋላ በፓች (በማስተካከያ ዝማኔ) ይቀየራል። ሰው የሚጮኸው በጣም ቀላሉ ላይ ነው።

ዴሞው (የጌሙ የመሞከሪያ ቅጂ) እጃችሁ ሲገባ ፈትሹት። ከኢንተርኔት ውጡ፣ በ60 ፍሬም ቅረጹ፣ አንድ ጠላትና አንድ ምት ብቻ ምረጡ። ጋሻ ሳታነሡ፣ ሳትንከባለሉ፣ ከምቱ መድረሻ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ቁሙ። ካልመታችሁ ግማሽ እርምጃ ቅረቡና ድገሙት፤ ሲመታችሁ ቦታውን መሬት ላይ ባለ ድንጋይ ወይም ንጣፍ ያዙት። ካሜራውን 90 ዲግሪ አዙራችሁ ከጎን ደግማችሁ ቅረጹ። ከሁለቱም ጥግ ስለቱ ሳይደርስ፣ በሁለቱ ተከታታይ ሥዕሎች መካከልም የሚያልፍበት መንገድ ሳይኖር ከተመታችሁ፣ ጥፋቱ የሂትቦክስ ነው። ቆማችሁ የማይመታችሁ ምት ስትንከባለሉ ብቻ ከመታችሁ ግን መጀመሪያ አይ-ፍሬማችሁን፣ ቀጥሎም የተንከባለላችሁበትን አቅጣጫ ጠርጥሩ። ለሠሪዎቹ ስትጽፉ የዴሞውን የእትም ቁጥር፣ የጠላቱንና የምቱን ስም፣ የፍሬም ቅንብሩን፣ ሁለቱንም ቅጂዎች አያይዙ፤ አንድ የቆመ ሥዕል ብቻ ከላካችሁ የሚመረምረው ሰው ምቱን መልሶ ማስመታት አይችልም።