ፕሮጀክት ከፊርማ እስከ ርክክብ፦ ደሴና ኮምቦልቻ

ወሎ ከዕርዳታ ድርጅቶች ጋር በደንብ የተዋወቀው በክፉ ቀን ነው። የ1966ቱ ረሃብ ሲመጣ ደሴ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመውም በዚያ ረሃብ ሰበብ ነው። ዛሬ ደሴ የደቡብ ወሎ ዞን መቀመጫ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወረድ ብላ ፋብሪካውን፣ መጋዘኑንና አውሮፕላን ማረፊያውን ይዛለች። ለሁለቱም ከተሞች ከድርጅቶች ጋር መሥራት አዲስ ነገር አይደለም።

የፕሮጀክት ስምምነት የዕርዳታ ድርጅትና መንግሥት የሚፈራረሙት፣ ድርጅቱ ምን፣ የት፣ በስንት ብርና እስከ መቼ እንደሚሠራ የሚወስን ሰነድ ነው። መንግሥት የሚያቀርበውም እዚያው ይጻፋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ መሬት፣ ቢሮና የባለሙያ ጊዜ ነው።

የቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ገደብ አነሣ። አስተዳደራዊ ወጪ ግን ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ደነገገ።

ድርጅቶች በፌዴራል ደረጃ የሚመዘገቡት አዲስ አበባ፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። የፕሮጀክቱ ሰነድ ግን ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። እዚያ የክልሉ ገንዘብ ቢሮና ጉዳዩ የሚመለከተው ሴክተር ቢሮ፣ ለምሳሌ ጤና ወይም ትምህርት፣ ይፈርሙበታል። ከዚያ ወደ ዞንና ከተማ መምሪያዎች፣ ቀጥሎም ወደ ወረዳ ይወርዳል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሚፈርመው ባሕር ዳር ነው፤ ሥራው ያለው ወረዳ ላይ ነው። ሰነዱ በእጁ የሌለ የወረዳ ባለሙያ የድርጅቱ እንግዳ ይሆናል እንጂ አጋር አይሆንም። መስክ ይወጣል፣ አበሉን ይቀበላል፣ ያየውን ከምን ጋር እንደሚያመሳክር ግን አያውቅም።

የበጀት ዓመትም ያጣላል። የመንግሥት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ብዙ የውጭ ለጋሾች ግን ዓመቱን የሚቆጥሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በጥር ገንዘብ የመጣለት ድርጅት የወረዳውን መዋጮ ሲጠይቅ፣ ወረዳው በጀቱን ካጸደቀ ወራት አልፈዋል።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ርክክቡ ነው። ለጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጅ መጣ እንበል። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ዋናው ነገር ግን ግምጃ ቤቱ ውስጥ ያለው ሞዴል 19 የሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ነው። ንብረት ክፍሉ ፍሪጁን በዚያ ደረሰኝ ገቢ ካላደረገ፣ ዕቃው በመንግሥት መዝገብ ላይ የለም። የሌለ ዕቃ የጥገና በጀት አይያዝለትም። ሲበላሽ ጤና ጣቢያው ወደ ድርጅቱ ይደውላል፤ ድርጅቱ ደግሞ ፕሮጀክቱን ዘግቶ ሄዷል። ለውኃ ቦኖም እንዲሁ ነው። ጥበቃውን ማን ይቀጥራል? ቧንቧው ሲፈነዳ መለዋወጫ በማን ብር ይገዛል? መልሱ በስምምነቱ ላይ በስምና በኃላፊነት መጻፍ አለበት። «ኅብረተሰቡ ይንከባከባል» የምትል አንዲት መስመር አትበቃም።

ሰላም የሌለበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ለሳምንታት ተይዘው ነበር። ኮምቦልቻ ያሉት የዓለም የምግብ ፕሮግራም መጋዘኖች ተዘረፉ። ከተወሰደው መካከል ምግብ ላጠራቸው ሕፃናት የሚሰጥ አልሚ ምግብ ይገኝበታል። በሁለቱ ከተሞች ይደረግ የነበረው እደላም ተቋረጠ። «ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል» የምትለው አንቀጽ ብዙ ጊዜ ሳትነበብ ትታለፋለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ግን በጀቱን ማን ያዛውራል፣ ጊዜውን ማን ያራዝማል የሚለውን የምትመልሰው እሷ ናት።

በወሎ ዕድሩ ቅሬ ይባላል። ቅሬ የሌለበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ብረት ድስቱን መዝግቦ ይይዛል፣ የጠፋውን ያስከፍላል፣ ሰብሳቢውንም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቦኖ ሲሠራ የቅሬው ሰዎች በርክክቡ ቀን ለማጨብጨብ ብቻ መጠራት የለባቸውም። ቦታው ሲመረጥ ቢጠሩ፣ የውኃ ክፍያው ስንት እንደሚሆንና ማን እንደሚሰበስበው ከባለሙያዎቹ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።