ሐና፦ ጸጋን ያዘለ ስም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሐና የዕብራይስጥ ስም ነው። ሥሩ ሐ-ነ-ነ ሲሆን ትርጉሙ መራራት፣ በጸጋ መመልከት ማለት ነው። «ና» ጠብቃ የምትነበበውም ሁለቱ ነ ስለተደራረቡ ነው። ዮሐንስ («እግዚአብሔር ጸጋ አደረገ») ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። የሚጻፈው በሐመሩ «ሐ» ነው፤ ግሪኮች ይህ ድምፅ ስለሌላቸው «አና» አሉት፣ አውሮፓም ከእነሱ ወሰደው።

የስሙን ምሥጢር የምናገኘው በ1ኛ ሳሙኤል 1 ላይ ነው። የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐና ልጅ አጥታ ሳለ በሴሎ በእግዚአብሔር ቤት ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ነገሩን ከተረዳ በኋላ ግን በሰላም ሂጂ ሲላት፣ «ባሪያህ በዓይንህ ፊት ሞገስ ላግኝ» አለችው (ቁ. 18)። በዕብራይስጡ «ሞገስ» የተባለው ቃል «ሔን» ነው፤ የገዛ ስሟ ሥር! በአማርኛው ይህ የቃላት ጨዋታ ስለማይታይ ብዙዎቻችን ሳናስተውለው እናልፋለን። ቅደም ተከተሉንም ልብ በሉ፤ ፊቷ ከሐዘን የተፈታው እዚያው ቁጥር 18 ላይ ነው፣ የፀነሰችው ግን በቁጥር 20። ስለዚህ «ሐና ጸጋ ያገኘችው ልጅ ስትወልድ ነው» የሚለው የተለመደ ስብከት ከንባቡ ጋር አይስማማም። ልጁ ገና ሳይመጣ በልታለች፣ ሐዘኗንም ትታለች።

የምስጋና ጸሎቷ (1ኛ ሳሙ. 2፥1-10) በዳዊታችን ከ15ቱ ጸሎተ ነቢያት መካከል፣ ከሙሴ ጸሎቶች ቀጥሎ ይገኛል። አይሁድም ታሪኳን በአዲስ ዓመታቸው የመጀመሪያ ቀን በምኩራብ ያነቡታል፤ በለሆሳስ መጸለይንም ከእሷ ተማርን ይላሉ።

በዚህ ስም የሚጠሩ ሌሎችም አሉ፦ የጦቢት ሚስት፣ ከአሴር ነገድ የሆነችው የፋኑኤል ልጅ ነቢይቱ ሐና (ሉቃ. 2፥36)፣ እንዲሁም የእመቤታችን እናት ቅድስት ሐና። የመጨረሻዋ ስም በወንጌል አልተጻፈም፤ የደረሰን በትውፊት ነው። ሉቃ. 3፥2 ላይ ከቀያፋ ጋር የተጠቀሰው «ሐና» ግን ወንድ ነው፣ የቀያፋ አማት የሆነው ሊቀ ካህናት። በአማርኛ አጻጻፉ አንድ ስለሆነ ከሴቶቹ ጋር የሚያምታታ አይጠፋም።

ልጃችሁን ሐና ካላችኋት አንድ ነገር ለዩ። የመጠሪያ ስሟ የክርስትና ስሟ አይደለም። የክርስትና ስሟን በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ካህኑ ያወጣላታል፤ «ወለተ ሐና» ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። በቁርባን፣ በጸሎትና በፍትሐት የምትጠራው በዚያ ስለሆነ፣ በክርስትና እናቷ ትዝታ ላይ ብቻ አትተዉት፤ በዚያው ዕለት ጻፉት። የቅድስት ሐና ዕረፍት ኅዳር 11 ነው፤ ወርኃዊ መታሰቢያዋም ከባለቤቷ ከኢያቄም ጋር በ11 ይውላል።