አሞሌ ምንድን ነው?

ደሴ ላይ ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ካልደመቀ፣ ቡናው እንዳልተጠጣ ነው የሚቆጠረው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ምንዛሪ ላይ ያርፋል። ያን ቀን መንግሥት የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። ባንክ ቤት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በአንድ ጊዜ 74 ብር ገደማ ገባ። አቦል ላይ የተነሳው ክርክር በረካ ላይም አያልቅም። አንዱ ስልኩን አውጥቶ የዕለቱን ዋጋ ያነባል። ሌላው «ኸረ የገንዘብ ዋጋ እንደ ሽንኩርት በየቀኑ ሲቀያየር በአገራችን ታይቶም አያውቅ!» ይላል።

ታይቷል። ያውም ለብዙ መቶ ዓመታት። ስለ አሞሌ ማውራት የፈለግኩትም ለዚህ ነው።

አሞሌ የጨው ገንዘብ ነው። ከአፋር ቆላ፣ ከአሳሌ የጨው ሜዳ በመጥረቢያ እየተፈነቀለ ይወጣል። ከዚያ እየተጠረበ አንድ መልክ ይይዛል። ርዝመቱ ከስንዝር ትንሽ ያልፋል፤ ወገቡ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ፣ የቢላ መሳያ ድንጋይ የሚመስል ነገር ነው። እንዳይሰበር ወገቡን በልጥ ወይም በሣር ያስሩታል። ይቺ ማሰሪያ ቀላል ነገር አይደለችም። የተሰበረ አሞሌ እንደ ሙሉው አይቆጠርም፤ ዋጋው ይወርዳል። የተቀደደ መቶ ብር ይዞ ሱቅ የሄደ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ጨው ለምን ገንዘብ ሆነ? ሁሉም ቤት ይፈለጋል። ደጋ ላይ ግን አይገኝም። በቁጥር ይቆጠራል፤ ቢቸግር ደግሞ ወጥ ውስጥ ይገባል። በ1520ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚሠራና ከሚወጣበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል።

የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። አሞሌ በግመል ከበረሃው ይወጣል። ደጋው ሲጀምር በበቅሎና በአህያ ይጫናል። ከመቀሌ ወደ ደቡብ፣ በራያና በየጁ አድርጎ ወደ ወሎ ይወርዳል። በየመንገዱ ኬላ አለ፤ ኬላው ላይ ቀረጥ አለ። አህያዋ ትበላለች፣ ነጂው ይበላል፣ ዝናብ ከመጣ ጨው ይሟሟል። ይሄ ሁሉ ወጪ አሞሌው ላይ ይደመራል። ስለዚህ አሳሌ አጠገብ በአንድ ጠገራ ብር ብዙ አሞሌ ይገኛል፤ ወሎ ሲደርስ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ወደ ጎጃምና ከዚያ ወዲያ ሲሻገር ጥቂት ብቻ ይሆናል።

ጠገራ ብር የምንለው ማርትሬዛን ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል አለበት፤ ንግሥቲቱ ያረፈችበት 1780 ተጽፎበታል። ከሞተች በኋላም ለረጅም ዘመን በዚያው ዓመት ቁጥር ሲመታ ኖሯል። ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፤ አብዛኛው ንጹሕ ብር ነው። ለበሬ ለበቅሎ ግዢ ይመቻል። ግን ዶሮና በርበሬ ለመግዛት ማን ጠገራ ያወጣል? ማን ይዘረዝራል? ዝርዝሩ አሞሌ ነበር።

እንግዲህ ሁለት ገንዘብ ጎን ለጎን ይሄዳል ማለት ነው። አንድ ጠገራ ስንት አሞሌ? መልሱን የሚወስነው ገበያው ነው። ክረምት መንገድ ሲዘጋ አሞሌ ይወደዳል። በጋ ነጋዴው ሲጎርፍ ይረክሳል። ጦርነት ከተነሳ ደግሞ ሌላ ነው። ዛሬ በቴሌቪዥን «ገበያ መር ምንዛሪ» ሲባል የምንሰማው ነገር፣ ያለ ባንክና ያለ ስልክ በየገበያው ይሠራበት ነበር ማለት ነው። ይሄን ስል የዛሬው ኑሮ ውድነት አያምም ማለቴ አይደለም። ያማል። ያኔም ያም ነበር። አሞሌ በተወደደ ቁጥር ጨው የሚጎድለው ከድሃው ወጥ ነው።

የመንግሥት ጉዳይም አለበት። አፄ ምኒልክ የራሳቸው ምስል ያለበት፣ 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበት ብር ፓሪስ ላይ አስመቱ። ሕዝቡ ግን ማርትሬዛውንና አሞሌውን ቶሎ አልለቀቀም። እኔ ንጉሡን በመናቅ አልመሰለኝም። ነጋዴ የሚያየው ነገ ሌላ ሰው ይቀበለኛል ወይ የሚለውን ነው። ማርትሬዛ ራሱ ከሕጋዊ ገንዘብነት የወጣው አዲሱ የወረቀት ብር በ1937 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ነው። አሞሌ በበኩሉ መኪናና ሳንቲም እየበዛ ሲሄድ ቀስ በቀስ ወደ ጨውነቱ ተመለሰ።

ስሙ ግን አልሞተም። ዳሸን ባንክ በስልክ የሚከፈልበትን አገልግሎቱን «አሞሌ» ብሎት ነበር። ጥሩ አወጣጥ ነው። በ2013 ቴሌብር ሲጀመር ብዙ ሽማግሌዎች «በእጄ ያልያዝኩት ምኑ ገንዘብ ነው?» ይሉ ነበር። ጥያቄው ልክ ነው። የአሞሌ ታሪክ ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላል፤ ያ ጨውስ ገንዘብ የሆነው በእጅ ስለሚያዝ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ስለሚቀበለው?

ባለፈው ሰኞ ባቲ ገበያ ነበርኩ። የአፋር ሰው ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ከቆላ ይወጣል፣ ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል። ለከብት የሚሆን ጨው ወደሚሸጡ አንዲት እናት ጠጋ አልኩ። አንዱን አንስተው በጥፍራቸው ጫር አደረጉና «ቅመሰው ልጄ፣ አሸዋ የለበትም» አሉኝ። ቀመስኩት። ምላሴን አቃጠለኝ። ዝርዝር ብር ይዤ አልነበረም፤ እሳቸውም የሚመልሱት የላቸውም።

«አብሽር» አሉና የልጃቸውን ስልክ ቁጥር በቃላቸው ነገሩኝ። በቴሌብር ላክሁላቸው። ልጁ መልእክቱ መግባቱን እስኪያይ ድረስ ጨዉ እጃቸው ላይ ነበር።