ተነሥተህ ብላ

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ፣ ጎረቤቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። አቦሉ እየተቀዳ ሳለ ከታች አስፋልቱ ላይ የአይሱዙ ጎማ ፈነዳ። እትዬ ጀበናውን ለቀቁት። ቡናው ቄጠማው ላይ ፈሰሰ። እሳቸው ግድግዳው ሥር ኩርምት አሉ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ፣ ልጆቻቸውን ይዘው በሐረጎ ቁልቁለት በእግራቸው የወረዱ ሴት ናቸው።

እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪው ምን አልኩ? «እግዚአብሔር እያለ ምን ያስፈራዎታል? ይጸልዩ እንጂ!» ጥቅስም ሳልጨምር አልቀረሁም። በፍርሃታቸው ላይ ሃፍረት ደረብኩላቸው።

አጠገቤ የነበረች ሴት ግን ጋቢ ደረበችላቸው። እጃቸውን ይዛ «ጎማ ነው፤ ቤትዎ ነው ያሉት፤ ቀስ ብለው ይተንፍሱ» እያለች አብራቸው ተነፈሰች። ውሃ ሰጠቻቸው። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ልባቸው መለስ አለ።

ማታ 1ኛ ነገሥት 19ን ገለጥኩ። ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ያወረደ ነቢይ ነው። ንግሥት ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝትበት ግን ሸሸ። ብላቴናውን ቤርሳቤህ ትቶ (ሰው ሲከፋው መጀመሪያ የሚሸሸው ሰውን ነው) ብቻውን ምድረ በዳ ገባ። ክትክታ ሥር ተቀምጦም «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ክትክታን የወሎ ሰው ያውቀዋል፤ ይህ ነው የሚባል ጥላ የለውም።

የመጣለት መልአክ «ትናንት እሳት አውርደህ ዛሬ ምን ነካህ?» አላለውም። ዳሰሰው። በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት። ኤልያስ በልቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ድጋሚ መጥቶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከ40 ቀን መንገድ በኋላ፣ ኮሬብ ተራራ ላይ ነው። እኛ ግን ከጥያቄው እንጀምራለን።

ወገኖቼ፣ ክፉ ነገር ያየ ሰው ሲባንን፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ድምፅ ሲያስደነግጠው እምነቱ ጎድሎ አይደለም። ሰውነቱ አደጋው ያለፈ አልመሰለውም። ብዙ ሰው ከወዳጅ ጋር ሲሆንና ሲያርፍ ከሳምንታት በኋላ ይቀለዋል። ያየኸውን ተርክ ብላችሁ ግን አታስጨንቁት፤ ሲፈልግ ያወራዋል። ከወር በላይ ከቆየበት፣ ወይም ሥራና ምግብ ካስተወው ሐኪም ይየው። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ። ሁለቱን ማን እንዳጣላቸው እንጃ።

«መሞት ይሻለኛል» ያላችሁን ሰው ደግሞ «ኃጢአት ነው!» ብላችሁ አፉን አታዘጉት። ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ እንዲያውም ይተነፍሳል። ብቻውን አትተዉት። ገመድና የተባይ መርዝ ከቤት አርቁ። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት፤ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ሰኞ እትዬ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ምን ብለኸኝ ነበር ደሞ? አልሰማሁህም እኮ» ብለው ሳቁ። ጀበናው አፉ ላይ ተሸርፏል። አልጣሉትም፤ በዚያው ቀዱልኝ።