ሹት ከየት ይሻላል? የዘመኑ ባስኬት ሒሳብ

የሹት ምርጫ ማለት ተጫዋቹ ኳሷን ከየትና መቼ ወደ ቀለበቱ እንደሚልክ መወሰኑ ነው። ድሮ የአሰልጣኝ ዓይንና የተጫዋች ድፍረት ጉዳይ ነበር። ዛሬ በኤንቢኤ፣ በአሜሪካው የባስኬት ሊግ፣ የሒሳብ ጉዳይ ሆኗል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንዱ 10 የሁለት ነጥብ ሙከራ አድርጎ 5 አገባ እንበል። 50 በመቶ፣ 10 ነጥብ። ሌላው ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ 10 ሞክሮ 4 አገባ። 40 በመቶ ነው፣ ግን 12 ነጥብ ይዟል። ተራው መቶኛ የመጀመሪያውን ያስበልጣል፤ የውጤት ሰሌዳው ሁለተኛውን። ስለዚህ ባለሙያዎች የገባን ሦስት ነጥብ አንድ ተኩል አድርጎ የሚቆጥር ስሌት አመጡ፤ በእሱ ሁለተኛው 60 በመቶ ይሆናል። ቅጣት ምትን የሚጨምር ሌላ ቀመርም አለ።

ኤንቢኤ የሦስት ነጥብ መስመርን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ያኔ የአንድ ቡድን ሙከራ በአማካይ በጨዋታ 3 እንኳ አይሞላም ነበር። አሁን ከ30 በላይ ነው። በሩቅ ሹቱ የታወቀው የጎልደን ስቴት ተጫዋች ስቴፈን ከሪ በ2015/16 ብቻውን 402 ሦስት ነጥብ አግብቷል። በ2017/18 ሂውስተን ሮኬትስ ከሁለት ነጥብ ይልቅ ሦስት ነጥብ አብዝቶ በመሞከር የመጀመሪያው ቡድን ሆነ። በዚያው ዓመት በምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ 7ኛ ጨዋታ 27 ሦስት ነጥብ በተከታታይ ስቶ ከውድድሩ ወጣ። ሒሳቡ ለብዙ ጨዋታ እንጂ ለአንድ ምሽት ዋስትና አይሰጥም። በዚህ ሁሉ መሀል የተጎዳው ሚድሬንጁ፣ ማለትም በቀለበቱ አካባቢና በሦስት ነጥብ መስመር መካከል ያለው ቦታ፣ ነው። እንደ ኬቨን ዱራንት ያለ ሰው ካልሆነ በቀር ከዚያ ደጋግሞ የሚሞክር ጥቂት ነው።

ጎንደር ላይ የኤንቢኤ ጨዋታ በቀጥታ ልይ ያለ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ግድም መንቃት አለበት። ማን ይነቃል? ብዙው ጠዋት ስልኩ ላይ ሃይላይት ያያል። ሃይላይት ደግሞ የሳተ ሹት አያሳይም። ከሰዓት ሜዳ ላይ ሁሉም ከሪ ነው።

ሲሚንቶ ሜዳ፣ ነፋስ፣ መረብ የሌለው ቀለበት። እዚያ ከአራት የሦስት ነጥብ ሙከራ አንድ የሚያገባ ልጅ በአንድ ሙከራ 0.75 ነጥብ ያገኛል። ሰብሮ ገብቶ ከሁለት ሌይአፕ (ከቀለበቱ ሥር የሚሞከር ሹት) አንዱን ቢያገባ በአንድ ሙከራ 1 ነጥብ ነው። ያው ሒሳብ ኤንቢኤን ወደ ውጪ ሲገፋ እሱን ወደ ውስጥ ይጠራዋል። «ኮርነር (የሜዳው ጥግ) ቅርብ ነው» የሚለው ምክርም እዚህ ብዙ አያዋጣም። በኤንቢኤ ሜዳ ኮርነሩ ከመሀሉ መስመር በግማሽ ሜትር ያህል ይቀርባል፤ በፊባ (የዓለም አቀፉ ባስኬት ፌዴሬሽን) ሜዳ ግን 6.60 ከ6.75 ሜትር፣ ማለትም 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ።