ሴፊሮስ፦ ሺንራ ያሳደገው መሣሪያና የተሠራለት ዝና

ሴፊሮስ የፋይናል ፋንታሲ 7 ዋና ባላንጣ ነው። ጌሙን የሠራው ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1997 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን በሦስት ሲዲ ወጣ። ረጅም ብርማ ፀጉር፣ ጥቁር ካፖርት፣ ከባለቤቱ ቁመት የሚረዝም ማሳሙኔ የሚባል ሰይፍ። መልኩን የነደፈው ቴትሱያ ኖሙራ ነው። ጌሙን ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን መልክ የሆነ ቦታ አይቶታል።

እዚህ ጎጃም ታሪኩን የሚያውቁት ልጆች ብዙዎቹ ያወቁት ጌም ቤት ገብተው አይደለም። ባሕር ዳርም ሂድ ደብረ ማርቆስ፣ ጌም ቤት ማለት ኳስ ነው። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፣ ተረኛው ጀርባህ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቀናት የሚፈጅ ታሪክ እዚያ ቁጭ ብሎ የሚጨርስ የለም። ስለዚህ አንዱ በስልኩ ይጫወተዋል፣ ሌላው ዩቲዩብ ላይ ቁርጥራጩን ያያል። በቁርጥራጭ የሚደርሰው ደግሞ ሰይፉና እሳቱ ነው። ልጅነቱ ይቀራል። እኔ ልጅነቱ ላይ መቆየት የፈለግሁት ለዚህ ነው፤ ያ ሰው ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚገባው እዚያ ሲደረስ ነውና።

ነገሩ የሚጀምረው ከሺንራ ነው። ሺንራ መብራት የሚያመርት ኩባንያ ነው፤ ግን ጦር አለው፣ ላቦራቶሪ አለው፣ ሚድጋር የምትባል ከተማም በእጁ ናት። መብራቱን የሚያወጣው ማኮ ከሚባል ከመሬት ከሚቀዳ ኃይል ነው። ማኮ የፕላኔቷ ሕይወት ነው፤ በተቀዳ ቁጥር ዙሪያው ያለው መሬት ይነጥፋል። በጥንት ዘመን ሴትራ የሚባሉ፣ ከፕላኔቷ ጋር የሚነጋገሩ ሰዎች ነበሩ ይባላል፤ ሺንራ ብዙ ማኮ ያለበትን ምድር እንዲመሩት እንደነሱ ያሉ ሰዎችን ፈለገ። ፕሮፌሰር ጋስት የተባለው ሳይንቲስት 2000 ዓመት ባስቆጠረ የመሬት ንጣፍ ውስጥ አንድ አካል አገኘና ሴትራ መሰለው። ጄኖቫ ተባለች። ግምቱ ስህተት ነበር። ጄኖቫ ከሰማይ የወደቀችና ሴትራዎችን የፈጀች ፍጡር ናት። ይህ እስኪታወቅ ድረስ ግን ሥራው ተጀምሮ ነበር።

ሥራው ምን ነበር? የጋስት ረዳት የነበረው ሆጆና ሉክሬሺያ የተባለችው ተመራማሪ ልጅ ፀነሱ። ልጁ ገና በማሕፀን ሳለ የጄኖቫ ሕዋስ ተሰጠው። ቪንሰንት የሚባል፣ ሉክሬሺያን የሚወድ የሺንራ ጠባቂ ሊቃወም ሞከረና ሆጆ በጥይት መታው። ልጁ ተወለደ፤ ወዲያው ተወሰደ። ሉክሬሺያ አንድ ቀን እንኳ አላቀፈችውም። እኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድ እልልታው ይቀልጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሳል፣ የክርስትና አባት ይኖረዋል። ለሴፊሮስ አራስ ቤት እንኳ አልነበረውም። የነበረው ላቦራቶሪና መዝገብ ነው።

ሲያድግ የተነገረው ይህ ነው፦ እናትህ ጄኖቫ ትባላለች፣ አንተን ስትወልድ ሞታለች። ስለ አባቱ የተነገረው ነገር የለም። አባቱ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሶ ሲመላለስ ዝም ተባለ። ገበሬ ወይፈን ሲገራ እንኳ ስም ያወጣለታል፣ ጀርባውን ያሻሸዋል፣ ሲደክም ይፈታዋል። ሆጆ ልጁን የሚያየው ውጤቱ እንደሚመዘገብ ናሙና ነው። ቀጥሎ ደግሞ ጦሩ ተረከበው። ሶልጀር የሚባለው የሺንራ ልዩ ጦር አባላቱን በማኮ የሚነክርና የጄኖቫ ሕዋስ የሚሰጥ ነው፤ ዓይናቸው የሚያበራው ለዚያ ነው። ሴፊሮስ ግን ገና ሲወለድ ጀምሮ ያንን ነበር፤ ሌሎቹ እሱን ለመምሰል የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኤቨር ክራይሲስ የተባለው የስልክ ጌም ገና በለጋነቱ ወደ ግዳጅ ሲላክ ያሳያል።

የ1997ቱ ጌም ስለ ልጅነቱ በአንድ ቦታ ቁጭ ብሎ አይነግርህም። ፍንጩን ራስህ ትለቅመዋለህ። እኔ ከሁሉም ደጋግሜ የምመለስበት የኒብልሃይም መግቢያ ላይ ያለው ነው። ሴፊሮስ፣ የጌሙ ዋና ገጸ ባህሪ ክላውድና ጥቂት ወታደሮች የተበላሸ የማኮ ማመንጫ ለማየት ወደዚያች ተራራ ሥር ወዳለች ትንሽ ከተማ ይመጣሉ። ከተማዋ የክላውድ አገር ናት። ሴፊሮስ መግቢያው ላይ ይቆምና ክላውድን ይጠይቀዋል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ወደ ተወለድክበት ስትመጣ ምን ይሰማሃል? እኔ አላውቀውም፣ አገር የለኝም ይላል። ወላጆችህስ ሲባል እናቴ ጄኖቫ ናት፣ ስትወልደኝ ሞተች ይላል፤ አባቴ ብሎ ይጀምርና ይስቃል፤ ለምን ይህን እንደማወራ አላውቅም ብሎ ይተወዋል። ደቂቃ የማይሞላ ንግግር ነው። ሲጫወቱት ያልፋሉ።

ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው ግን ይህ ቦታ ቀላል አይደለም። ማንም ሽማግሌ አንድን ልጅ መንገድ ላይ ሲያገኘው የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ነው። ስሙ ኋላ ይመጣል። ልጁ አባቱን ይጠራል፣ አያቱን ይጠራል፣ ሽማግሌው «ያ! የእገሌ ልጅ ነህ ለካ» ብሎ ከሆነ ሰው ጋር ያገናኘዋል። ለጋብቻማ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሴፊሮስ አንድ ቤት እንኳ መቁጠር አይችልም። ያለው አንድ የእናት ስም ነው፣ እሱም ውሸት ነው።

አሁን ወደ ዝናው። ሺንራ ዉታይ በምትባል አገር ላይ ጦርነት ከፈተ፤ ሴፊሮስ በዚያ ጦርነት ስሙ ወጣ። ስሙ ወጣ ስል ግን ያወጣው ማን እንደሆነ መታየት አለበት። ኩባንያው ጋዜጣውንም ቴሌቪዥኑንም በእጁ ይዟል፤ ምልምል ይፈልጋል። ጀግናው ሴፊሮስ ተብሎ በየቤቱ ተወራ። ክላውድ ከኒብልሃይም በ14 ዓመቱ የወጣው እንደሱ ልሁን ብሎ ነው። ስንቱ የገጠር ልጅ እንደዚያ ወጥቶ ይሆን? ክላውድ ራሱ ሶልጀር መሆን ሳይችል ተራ ወታደር ሆኖ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ክራይሲስ ኮር የሚባለው ጌም ይህን ዝና በደንብ ያሳያል። ዋናው ገጸ ባህሪ ዛክ በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል፤ ከሚደርሱት መካከል የሴፊሮስ አድናቂዎች ክበብ የሚልከው አለ። የሚያወሩት ስለ ፀጉሩ ነው፤ አንዴ ሲታጠብ ሙሉ ጠርሙስ ሻምፖ ይጨርሳል ይባላል። ስለ እናቱ የሚጠይቅ የለም። ኒብልሃይም ሲደርሱም አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ይመጣና ከታዋቂው ሴፊሮስ ጋር ፎቶ ካላነሳኋችሁ ይላል። ፎቶው ይነሳል። ሴፊሮስ ይቆምለታል። ዝነኛ ሰው እንዲህ ያደርጋል ተብሎ የተማረውን ያደርጋል።

እኛ አገር የጀግና ስም በሌላ መንገድ ነው የሚወጣው። አባ ኮስትር በላይ ዘለቀን ውሰድ። ጎጃም ውስጥ ጣሊያንን በዱር የተዋጋ፣ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት የተገደለ አርበኛ ነው። ስሙን በፉከራና በቀረርቶ ያቆየው አብሮት የዋለ፣ አገሩንና ቤተሰቡን የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ መንግሥት ሰቅሎትም ስሙን ሊያወርደው አልቻለም። የሴፊሮስ ስም ያለው በኩባንያው እጅ ነው። የሰጠው ኩባንያ ነው፣ ሲፈልግም ይወስደዋል። አካሉን ላቦራቶሪው ሠራው፣ ስሙን ደግሞ ወሬ ነጋሪው ክፍል ሠራው፤ የሁለቱም ባለቤት አንድ ነው። ስለ ሴፊሮስ አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል ይህን ነው የምለው።

ጌሙ ይህን ዝና በጨዋታው ሕግ ውስጥም ከቶታል፤ እኔ በጣም የማደንቀው ነገር ነው። ክላውድ ያለፈውን ሲተርክ ተጫዋቹ ክላውድን ይዞ ከሴፊሮስ ጋር ይሄዳል። ክላውድ ደረጃው 1 ነው፤ ሴፊሮስ 50። ሴፊሮስን ማዘዝ አትችልም፣ በራሱ ይዋጋል። ዘንዶ ይመጣል፣ ክላውድን በአንድ ምት ይጥለዋል፤ ሴፊሮስን ሲመታው የሚወጣው ቁጥር 0 ነው። ከዚያ ሴፊሮስ ክላውድን ያስነሳዋል። ጋዜጣው ያወራው ሁሉ እውነት ነው ማለት ነው፤ ጉልበቱ ውሸት የለበትም። ውሸቱ ሌላ ቦታ ነው።

ማመንጫው ውስጥ አንድ በር አለ። በሩ ላይ ጄኖቫ ተብሎ ተጽፏል። ከበሩ በፊት ደግሞ በማኮ የተዘፈዘፉ፣ ድሮ ሰው የነበሩ ፍጡራን በየጋናቸው ተዘግተው ተቀምጠዋል። ሴፊሮስ እነሱን አየ፣ የእናቱን ስም በበር ላይ አነበበ፤ እኔም የተፈጠርኩት እንዲህ ነው? ብሎ ጠየቀ። የሚመልስለት ሰው አልነበረም። ስለዚህ ኒብልሃይም ውስጥ ወዳለው የሺንራ ቤት ምድር ቤት ወረደና አንድ ሳምንት ያህል ቀንም ሌሊትም መዝገብ አነበበ። ፕሮፌሰር ጋስትን በስሙ እየጠራ ለምን አልነገርከኝም፣ ለምን ሞትክ ይላል። ያንን ስሰማ ሁልጊዜ ያመኛል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንደ አባት የሚጠራው እሱን ነበር።

የሚያነበው መዝገብ ራሱ የተሳሳተ ነበር። ጄኖቫ ሴትራ ናት የሚለው የድሮው ግምት እዚያ ተጽፎ ተቀምጧል። ሴፊሮስም እሱን አመነ። እኔ የመጨረሻው ሴትራ ነኝ፣ ሰዎች አባቶቼን ከድተው ምድራቸውን የወረሱ ናቸው ብሎ ወጣ። ከተማዋን አቃጠለ። የክላውድን እናት ገደለ፣ የክላውድን የልጅነት ጎረቤት የቲፋን አባት ገደለ። አንዳንዱ ሰው «ሲወለድ ጀምሮ ክፉ ነው» ይላል፤ ክራይሲስ ኮርን የተጫወተ ሰው ይህን ሊል አይችልም፤ እዚያ ጓደኛ ያለው፣ ጓደኞቹን እንዲያሳድድ ሲታዘዝ እንቢ የሚል ሰው ነው። ሌላው ደግሞ «ምን ያድርግ፣ እንዲህ አሳድገውት» ብሎ ከጥፋቱ ነፃ ሊያወጣው ይሞክራል። እሱም አያስኬድም። የክላውድ እናት ልጇ መጣልኝ ብላ የተቀበለች ሴት ናት፤ ስለ ጄኖቫ ሰምታ አታውቅም።

ክላውድ ማመንጫው ውስጥ ገጠመውና ወደ ማኮው ወረወረው። ሺንራ ሴፊሮስ ሞቷል ብሎ አወጀ። ኒብልሃይምን እንደነበረች መልሶ ሠራት፤ ቤቱ በቦታው፣ የውሃ ማማው በቦታው። ነዋሪ የሚመስሉ ሰዎችን በደመወዝ አስገባ፤ እሳት ነበር ወይ ስትላቸው የለም ይላሉ። ከእሳቱ የተረፉትን ሆጆ ወሰዳቸው፤ ቁጥር ተነቅሰው ጥቁር ልብስ ለብሰው የሚንከራተቱት እነሱ ናቸው።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ 5 ዓመት በኋላ ነው። ሴፊሮስ ዝም ብሎ አይመጣም። መጀመሪያ በሺንራ ሕንፃ ወለል ላይ የደም ዱካ ታያለህ፣ ተከትለህ ትወጣለህ፣ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጀርባው ላይ ማሳሙኔ ተሰክቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ከሚድጋር ስትወጣ ደግሞ ልትጋፈጠው የማትደፍረው ትልቅ እባብ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ታገኘዋለህ። ክላውድ በልጅነቱ በወሬ እንዳወቀው አንተም በወሬ ታውቀዋለህ። ከዚያም የባሰ ነገር አለ። እውነተኛው ሴፊሮስ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል፤ በየቦታው ታይቶ የሚጠፋው፣ የክላውድን ጓደኛ ኤሪስን የገደለውም፣ የእሱን መልክ የያዘ የጄኖቫ አካል ነው። ሞተ ከተባለም በኋላ የሚዞረው መልኩ ነው።

ሁለት ወላጆቹ ግን በሕይወት አሉ። ሆጆ መጨረሻው ሲቃረብ የሴፊሮስ አባት መሆኑን ለክላውድና ለጓደኞቹ ይናገራል፤ ሴፊሮስ ራሱ እንደማያውቅ ይናገርና ይስቃል። ሉክሬሺያን የሚያገኛት ቪንሰንትን ይዞ ከፏፏቴ ጀርባ ያለውን ዋሻ ያገኘ ተጫዋች ብቻ ነው፤ ካልፈለግከው ታልፈዋለህ። ልጄ በሕይወት አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ቪንሰንት ሞቷል ይላታል። ውሸቱን ነው፤ ሲነግራት ግን ትክክል ያደረገ ነው የሚመስለኝ።

ከጌሙ ውጭ ያለው ዝና ደግሞ ሌላ ነው። ኖቡዎ ዌማትሱ ለመጨረሻው ፍልሚያ የሠራው የላቲን ዝማሬ ያለበት ሙዚቃ በኦርኬስትራ በየአገሩ ይቀርባል። ሴፊሮስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኪንግደም ሃርትስ የተባለው ጌም ውስጥ በድብቅ ተጋጣሚነት ገባ፣ በ2020 ስማሽ ብራዘርስ የተባለው የፍልሚያ ጌም ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት የወጣው ሪሜክ፣ የ1997ቱ ጌም እንደ አዲስ የተሠራበት፣ ገና ከመጀመሪያው ደጋግሞ ያሳየዋል፤ ይህን አልወደድኩትም፣ ያ የደም ዱካ ይዞት የነበረው ፍርሃት ሳስቷል። በፌብሩዋሪ 2024 የወጣው የሪሜክ ተከታይ ሪበርዝ ግን የኒብልሃይሙን ታሪክ በደንብ ይዞታል፤ በ1997ቱ ማዘዝ የማትችለውን ሴፊሮስን እዚህ በእጅህ ይሰጥሃል፣ ጉልበቱ እንዴት ጣፋጭ እንደሆነ ራስህ ትቀምሰዋለህ፣ ከዚያ ቤቱ ሲቃጠል ታያለህ።

ለመጀመር የሚያስብ ካለ የ1997ቱን ይጀምር፤ በስልክ ይሠራል፣ ሥዕሉ ያረጀ ነው፣ ጽሑፉ ብዙ ነው፣ ግን ዋሻውም መዝገቡም ያሉት እዚያ ነው።